አሮጌው የአሜሪካ መኪና በቁጥሩ ይሸጣል

እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ፍሎሪዳ፣ ኪሲሚ ከተማ በተካሄደ ጨረታ አንዲት የ1968 ፎርድ ሙስታንግ የአጫራቹን ኮሚሽን ጨምሮ በ3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ቀለሟ የደበዘዘ፣ የባቱላሜራ መዶሻ ያልነካት መኪና ነበረች። የሸጣት ቤተሰብ በ1974 ሲገዛት የከፈለው 6,000 ዶላር ነበር። ይህን የሰማ ነጋዴ ጓሮ ለጓሮ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ፍለጋ ቢሰማራ አይፈረድበትም። ሆኖም ሙስታንጓ ስቲቭ ማክዊን “ቡሊት” በተሰኘው ፊልም ላይ ያሽከረከራት ስለሆነች ገዢው የከፈለው ለብረቱ ሳይሆን ለታሪኩና ታሪኩን ለሚያረጋግጠው ወረቀት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝኛው “መስል ካር” የሚባሉት እነዚህ መኪኖች መካከለኛ መጠን ባለውና ወጣት ሠራተኛ ሊደፍረው በሚችል ዋጋ በሚሸጥ አካል ውስጥ የትልቅ መኪና ሞተር ተከቶባቸው የተሠሩ ናቸው። ለዝርያው መነሻ ተደርጋ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቀሰው የ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦ ነች። በጊዜው ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች (5.4 ሊትር ገደማ) የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያኩ ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ ክልከላውን በዘዴ አለፉት። ጂቲኦን ራሷን እንደቻለች ሞዴል ከማቅረብ ይልቅ “ቴምፔስት” ለተባለችው መኪና ደንበኛው ጨምሮ የሚገዛው ተጨማሪ ዕቃ አደረጓት፤ ሞተሯም 389 ኪዩቢክ ኢንች ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ከ32,000 በላይ ተሸጠች። ፎርድ፣ ሸቭሮሌና ክራይስለርም ተከተሉ።

ግብዣው አሥር ዓመት አልሞላም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በወጣት አሽከርካሪዎች ላይ ዓረቦን ከመሩ፤ በ1970 የአየር ብክለት ሕጉ ጠበቀ፤ በ1973 ደግሞ የዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ መጣ። አቅርቦቱ በዚህ ተዘጋ። ፕሊመዝ በ2001፣ ፖንቲያክም በ2010 ከገበያ ወጥተዋል። እንግዲህ ደላሎች “ከእንግዲህ አይሠራም” የሚሉት ይህን ይዘው ነው።

ነገር ግን ይሠራል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ዲሎሪያን አለቆቹን ያለፈበት ዘዴ ዛሬ የአጭበርባሪ መንገድ ሆኗል። የ1964 እና የ1965 ጂቲኦ የሻንሲ ቁጥር የቴምፔስት ወይም የለማንስ ቁጥር እንጂ ጂቲኦ መሆኗን አይናገርም። የ1970 ሸቭሮሌ ሸቬል ኤስኤስም እንደዚሁ ነች። በ450 የፈረስ ጉልበት የምትታወቀውና ኤልኤስ6 የተባለ ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር የተገጠመላት ሸቬል የሻንሲ ቁጥሯ ከተራዋ ማሊቡ አይለያትም። የዋጋቸው ልዩነት ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ምልክቱ፣ ኮፈኑ፣ ክሩስኮቱ፣ ወንበሩ ሁሉ አዲስ ተሠርቶ በካታሎግ ይሸጣል። ለ1967-69 ካማሮማ ሙሉ አካሉ ሳይቀር አዲስ ተመርቷል። ጥሩ ጋራዥ ያለው ሰው ማሊቡ ገዝቶ ኤስኤስ አድርጎ ማውጣት አይሳነውም። ይህን ሳይደብቅ የሚሸጥ ሐቀኛ ነጋዴ ነው፤ ለመንዳትም እንዲህ ያለችው መኪና ታዋጣለች። የደበቀው ግን ገዢውን እየዘረፈ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ባለ 17 አሃዱ የሻንሲ ቁጥር የመጣው በ1981 ሞዴል ስለሆነ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አጻጻፍ አለው። ክራይስለር ለገዢ ይመቻል፤ የቁጥሩ አምስተኛ ምልክት ሞተሩን ይናገራል። የ1970 እና የ1971 ፕሊመዝ ባራኩዳ በዚያ ቦታ “አር” የሚለው የላቲን ፊደል ካለባት 426 ሄሚ ሞተር ይዛ ከፋብሪካ ወጥታለች ማለት ነው። ለፖንቲያክ የፋብሪካው ሰነድ በማይክሮፊልም ስለተቀመጠ ቅጂው በክፍያ ይገኛል። ከ1967 ወዲህ ያሉት ፎርዶችም ተመሳሳይ መዝገብ አላቸው። አስቸጋሪው ሸቭሮሌ ነው። ወደ ካናዳ ለተላኩት የጄኔራል ሞተርስ ካናዳ መዝገብ ሲኖር በአሜሪካ የተሸጡት አብዛኞቹ ግን የፋብሪካ መዝገብ የላቸውም። ተስፋው ሠራተኞቹ መኪናው ውስጥ ጥለውት የሄዱት የመገጣጠሚያ ወረቀት ነው። በሸቬል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከነዳጅ ታንከሩ ላይ ነው፤ በክራይስለር መኪኖች ደግሞ ከኋላ ወንበር ሞላ ሥር። ቅባት የነካው፣ አይጥ የበላው ብጣሽ ወረቀት የመኪናውን ዋጋ ሊያጥፍ ይችላል።

ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ ኮፈኑ ይከፈት። በሞተሩ ብሎክ ላይ የተመታው ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር ሲገጥም “ቁጥሩ የገጠመ” ይባላል። ይህም ቢሆን ተፍቆ እንደገና ሊመታ ስለሚችል ብሎኩ የተቀለጠበት ቀን መታየት አለበት። መኪናዋ ከተገጣጠመች በኋላ የተቀለጠ ብሎክ የእርሷ ሊሆን አይችልም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ምስክር አይሆንም፤ የዚያን ጊዜው ባለ አምስት አሃድ ስለነበር 100,000 ማይል ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል።

ስለ ላሜራው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ማግኔት ይዞ መዞር ነው፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። ጣሪያዋ ቆዳ መሰል ሽፋን የለበሰ መኪና በተለይ ትመርመር፤ ሽፋኑ ውኃ እያቆረ ብረቱን ይበላዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ ገዢ በ60,000 ዶላር ጨረታ አሸነፈ እንበል። 10 በመቶ የገዢ ኮሚሽን ሲጨመር 66,000 ይሆናል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ75,000 ሸጠ፤ 8 በመቶ የሻጭ ኮሚሽን ሲቀነስ እጁ የሚገባው 69,000 ነው። ማቆሚያ በወር 150፣ ኢንሹራንስ በዓመት 500 ቢሆን በሁለት ዓመት 4,600 ይወጣል። ዋጋው በ15,000 “ጨመረ” የተባለለት ሰው 1,600 ዶላር ከስሯል፤ የማጓጓዣውና የጋራዡ ገና አልተቆጠረም። በነገራችን ላይ ኢንሹራንሱ በቅድሚያ በተስማሙበት ዋጋ ካልሆነ አደጋ ሲደርስ ኩባንያው የሚከፍለው ለአሮጌ መኪና ነው።

ገበያውም ሁልጊዜ ሽቅብ አይሄድም። ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ በብድር የገዙ ብዙዎች ቆስለዋል። በጣሪያውም ላይ እንኳ ሽያጭ እርግጥ አይደለም። በ1971 ሄሚ ተገጥሞላቸው የተሠሩት ተከፋች ጣሪያ ባራኩዳዎች ከደርዘን አይበልጡም። በ2014 አንዷ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ2021 የዚሁ ዓይነት መኪና ለጨረታ ቀርባ እስከ 4.8 ሚሊዮን ቢጠራላትም ባለቤቱ አሻፈረኝ ብሎ መልሶ ወሰዳት። የገዢው ዕድሜም ሊታሰብበት ይገባል። እነዚህን መኪኖች በወጣትነቱ የተመኘው ትውልድ ዛሬ ሰባዎቹን አልፏል፤ ልጆቹ በዚያው ፍቅር ስለመግዛታቸው ማንም ዋስ አይሆንም።

ወደ አዲስ አበባ አስመጣለሁ ለሚል መንገዱ ዝግ ነው፤ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለ ዘመድ ተጫርቶ እዚያው እንዲያቆም የሚያስብ ግን የጨረታውን ደንብ አስቀድሞ ያንብብ። መኪናው የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው፤ መዶሻው ካረፈ በኋላ “ሞተሩ የእርሷ አይደለም” ብሎ መመለስ በጣም አስቸጋሪ ነው። መርማሪ የሚቀጠረው ከጨረታው ቀን በፊት ነው፤ መርማሪውም በሻጩ ወይም በደላላው የተጠቆመ አይሁን።