«ሴት ያሳደገው» የሚባለው ልጅና ትምህርቱ

አንድ ልጅ በፈተና ሲወድቅ ወይም በክፍል ሲረብሽ፥ «ድሮስ ሴት ያሳደገው!» የሚል ፍርድ ከመምህራን አፍ እንኳ ሲወጣ እንሰማለን። አባት የሌለበት ቤት ለትምህርት አይሆንም ማለት ነው። ከመካከላችን ነገ ጠመኔ የሚይዙ ስላሉ፥ ይህ ፍርድ ትክክል መሆን አለመሆኑን መመርመር ይገባናል።

ቤተሰብ በትምህርት ላይ ኃይል እንዳለው አንክድም። በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምስ ኮልማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ 4,000 ያህል ትምህርት ቤቶችንና 600,000 ያህል ተማሪዎችን መርምረው፥ ለውጤት መለያየት ከትምህርት ቤቱ ሕንፃና መሣሪያ ይልቅ የተማሪው የቤት ኑሮ የበለጠ ምክንያት መሆኑን ገለጡ። ይሁን እንጂ ቤት ማለት የወላጅ ቁጥር ብቻ ነውን? ሣራ ማክላናሃንና ጌሪ ሳንደፈር በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በዚያው አገር በአንድ ወላጅ የሚያድጉ ልጆች በትምህርት ወደ ኋላ እንደሚቀሩ ካሳዩ በኋላ፥ የልዩነቱ ግማሽ ያህል የሚመጣው ከገቢ ማነስ መሆኑን አስረድተዋል። እንግዲህ ከስድባችን ግማሹ የሚያርፈው በድኽነት ላይ ነው።

ለእኛ ኑሮ የበለጠ የሚቀርበው ግን አን ኬስና ሁለት ባልደረቦቿ በ2004 ያወጡት ጥናት ነው። ከ10 የአፍሪካ አገሮች በተሰበሰበ መረጃ፥ ወላጅ የሞተበት ልጅ በአንድ ጣራ ሥር አብረውት ከሚኖሩት ልጆች ይልቅ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድሉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ከቤቱ አባወራ ጋር ያለው ዝምድና በራቀ መጠንም ዕድሉ ይቀንሳል። ድኽነት ብቻውን ይህን አይፈታውም፤ ቤቱ አንድ ነውና።

በአገራችን «ይማርልኝ» ተብሎ ከባላገር ወደ ከተማ ዘመድ የሚላከውን ልጅ እናስብ። ቤቱ አባትም እናትም አለው፤ በመዝገብ ቢጻፍ ሙሉ ቤተሰብ ነው። ልጁ ግን ሳይነጋ ዳቦ ይገዛል፥ ከሰዓት ሕፃን ያዝላል፥ ማታ ዕቃ ያጥባል። የቤቱ ልጅ በአስጠኚ ሲማር እርሱ ደብተሩን የሚገልጠው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። በማግሥቱ በክፍል ሲያንቀላፋ «ሰነፍ» ይባላል። (ከወላጅ አብልጠው ያሳደጉ ዘመዶች መኖራቸውን፥ ከእኛም መካከል በእነርሱ እጅ ለዚህ የበቁ መኖራቸውን አንዘነጋም።)

በአንጻሩ እንጀራ ሸጣ ልጇን የምታስተምር እናት አለች። ፊደል ባትቆጥርም «እስቲ ደብተርህን አምጣ» ብላ ራይቱን ከኤክሱ ትለያለች፤ ኤክስ ከበዛም ምክንያቱን ትጠይቃለች። ያ ልጅ ሴት ያሳደገው ነው።

ስለዚህ መምህር የሚሆን ሰው «አባትህ አለ ወይ?» ከሚል፥ «ከዚህ ስትመለስ ምን ትሠራለህ? መቼስ ታጠናለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። መልሱ «ሁሉም ሲተኛ» ከሆነ፥ ልጁ የቤት ሥራውን ሠርቶ እንዲሄድ ክፍሉን ለግማሽ ሰዓት ክፍት ማቆየት ነው። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ግን ክፍሉ ወዲያው ስለሚያዝ፥ ሌላ ጥግ ወይም የዛፍ ጥላ መፈለግ ያስፈልጋል።