የፌሪውን ወጪ ማን ይክፈል?

ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንና ለወላጆች

በዚህ ዓመት ለኅብረተሰብ ትምህርት የመረጥነው ርእስ የሕዝብ ማሻገሪያ ጀልባ፣ ማለትም ፌሪ፣ በምን ገንዘብ ሥራውን እንደሚቀጥል ነው። ርእሱ ከእኛ የራቀ አይደለም። ለዕረፍት ወደ ሞምባሳ ወርደው ወደ ዲያኒ የተሻገሩ ብዙ ቤተሰቦቻችን በሊኮኒ ፌሪ ላይ ቆመው ያውቃሉ።

1. ቦታውና አገልግሎቱ

ሞምባሳ ደሴት ናት። በሰሜን በኩል የኒያሊ ድልድይ፣ በምዕራብ በኩል የማኩፓ መንገድ ከየብስ ጋር ያገናኟታል። በደቡብ በኩል ግን መርከቦች ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ የሚገቡበት ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥልቅ ሰርጥ አለ። ትላልቅ መርከቦች ስለሚያልፉበት ዝቅ ያለ ቋሚ ድልድይ አይሠራበትም፤ ከፍ ያለ ድልድይ ደግሞ እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ከ1937 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሊኮኒ በኩል ሰውንና ተሽከርካሪን የሚያሻግረው ፌሪ ነው። በቀን ወደ 300,000 እግረኛና ወደ 6,000 ተሽከርካሪ እንደሚሻገር ይገመታል። ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሕመምተኛ ሁሉም ይጠቀምበታል።

ተሽከርካሪ እንደ መጠኑ ይከፍላል፤ እግረኛ ግን በነጻ ይሻገራል። ይሁንና ለተሻጋሪው ነጻ ሆነ ማለት አገልግሎቱ ወጪ የለውም ማለት አይደለም።

2. ሁለት ዓይነት ወጪ

የመጀመሪያው ዓይነት የዕለት ወጪ ነው፤ ነዳጅና ደመወዝ። ይህ ካልተከፈለ ፌሪው በማግስቱ ይቆማል፤ ሕዝቡም ወዲያው ይጮኻል። ስለዚህ ገንዘቡ እንደምንም ተፈልጎ ይከፈላል።

ሁለተኛው ዓይነት የጥገናና የመተኪያ ወጪ ነው። የባሕር ጨው ብረት ይበላል። በጀልባው ሆድ ላይ ዛጎል ያላቸው ፍጥረታት ተጣብቀው ያከብዱታል፤ ነዳጅም ያስበሉታል። በየጊዜው ጀልባው ከውኃ ወጥቶ መፈተግ፣ መቀባትና የሳሳው ብረት መቀየር አለበት። ተሽከርካሪ የሚወጣበትና የሚወርድበት መወጣጫም በየቀኑ ብዙ ጊዜ ስለሚነሣና ስለሚወርድ ቶሎ ያረጃል። ይህ ወጪ ዛሬ ባይከፈል ነገም ፌሪው ይሄዳል። የሚጮኽ ሰውም የለም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ድምፅ የሌለው ወጪ ነው።

አንድ ስሌት እንሥራ። ለምሳሌ አንድ ፌሪ በ600 ሚሊዮን ሽልንግ ተገዝቶ 30 ዓመት ያገለግላል እንበል። 600 ለ30 ሲካፈል 20 ነው። እንግዲህ የዋጋ ጭማሪን ባንቆጥር እንኳ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ሽልንግ ለመተኪያ መቀመጥ አለበት። ካልተቀመጠ በ31ኛው ዓመት ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ መበደር ወይም ባረጀ ጀልባ መቀጠል።

3. መዘግየት የሚያስከፍለው

ከጀልባዎቹ አንዱ ለጥገና ሲወጣ ሰልፈኛው አይቀንስም። ሕዝቡ በቀሩት ላይ ይጨመራል። በመወጣጫው ላይ የቆመው ሠራተኛ ሥራ ለሚረፍድበት ሕዝብ «ሞልቷል፣ ተመለሱ» ማለት አለበት። ተለዋጭ ጀልባ ከሌለ ይህን ቃል መናገር ከባድ ነው።

በአካባቢያችን የደረሱ አደጋዎች የመጨናነቅን ዋጋ ያሳያሉ። በሚያዝያ 29 ቀን 1994 (እ.ኤ.አ.) በዚያው በሞምባሳ የምቶንግዌ ፌሪ ከመጠን በላይ ሰው ጭኖ ተገለበጠ፤ 272 ሰዎች ሞቱ። በመስከረም 20 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) በታንዛንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ፣ 101 ሰው እንዲጭን የተሠራው «ኔሬሬ» የተባለው ጀልባ በኡካራ ደሴት አጠገብ ተገልብጦ ከ220 በላይ ሰዎች አለቁ። የሁለቱም የቅርብ ምክንያት ከአቅም በላይ መጫን ነው። ነገር ግን ሰው ከአቅም በላይ የሚሳፈረው ሌላ መሻገሪያ ሲያጣ መሆኑን ልብ እንበል።

4. ማን ይክፈል?

በዳሬሰላም የኪጋምቦኒ ፌሪ እግረኛም ይከፍላል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ክፍያው ከ100 ወደ 200 የታንዛንያ ሽልንግ ሲያድግ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ክፍያን የሚደግፉ ሰዎች «የተጠቀመ ይክፈል፤ ገንዘቡም በየቀኑ ይገባል» ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው። የመንግሥት ድጎማ ዘግይቶ ሊመጣ ወይም ሊቀነስ ይችላል።

በሌላ በኩል በእግሩ የሚሻገረው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ደርሶ መልስ የሚሄድ ሠራተኛ አሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ደግሞም ሰርጡ የሚያገለግለው መላውን አገር ነው። ወደ ናይሮቢ፣ እስከ ኡጋንዳና ሩዋንዳም የሚሄደው ዕቃ በዚያ ይገባል። መርከብ እንዲያልፍ ሲባል ድልድይ ያጣ ሰው የመለያየቱን ወጪ ብቻውን ሊሸከም አይገባም። ዛሬ የሊኮኒ ፌሪ በኬንያ ወደቦች ባለሥልጣን ሥር መሆኑ ከዚህ አንጻር ትርጉም አለው። በሰርጡ የሚጠቀመው ወደብ ሰርጡን የሚሻገረውን ሰው ይረዳል።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። እግረኛው በነጻ ይሻገር፤ ተሽከርካሪዎች፣ ወደቡና መንግሥት ወጪውን ይሸፍኑ። ነገር ግን የጥገናና የመተኪያ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ለነዳጅም ለደመወዝም አይነካ፤ በየዓመቱም ለሕዝብ ይገለጽ። ይህ ካልተደረገ እግረኛው ገንዘብ ባይከፍልም በደኅንነቱ ይከፍላል።

አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ምክሩ ለጀልባ ብቻ አይደለም። በማኅበረሰብ መዋጮ የሚቆም ትምህርት ቤትም የመምህራን ደመወዝና የጣራ ጥገና አለው፤ አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ዝም ይላል። ተማሪዎቻችን ነገ በማኅበር፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በምክር ቤት በጀት ፊት ሲቀመጡ ዝም ያለውን ወጪ ፈልገው እንዲጠይቁ እንፈልጋለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ከላይ በተሠራው ስሌት ፌሪው የሚያገለግለው 25 ዓመት ብቻ ቢሆን በየዓመቱ ስንት ሚሊዮን ሽልንግ መቀመጥ አለበት?

ለ. እግረኛ ይክፈል ብትሉ ተማሪን፣ አረጋዊንና ሕመምተኛን እንዴት ታስተናግዳላችሁ?

ሐ. በሰፈራችሁ ሁሉም የሚጠቀምበት፣ የሚጠግነው ግን የማይታወቅ ነገር ምንድን ነው? ወላጆቻችሁን ጠይቁና ጽፋችሁ አምጡ።