ፎርማት አታስደርጊው

ሆዴ፣ በይ መጀመሪያ ተረጋጊ። ላፕቶፕሽ አልሞተም። ድራይቨር ከጫንሽ በኋላ ሰማያዊ ሆኖ አልነሳም ካለ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽም ፎቶዎችሽም አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ እንዳሉ ናቸው። ከሳንቃ በር ደባርቅ ድረስ ተሸክመሽው ወርደሽ፣ ያገኘሽው ጠጋኝ ሁሉ «ፎርማት እናድርገው» ሲልሽ እሺ እንዳትዪ።

ቻርጀሩን ሰኪና ባትሪውን ሙዪ። የእኛን መብራት ታውቂዋለሽ፤ መሃል ላይ ቢሄድብሽ ችግርሽ ሁለት ይሆናል። ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍም በስልክሽ ፎቶ አንሺው። መጨረሻው ኤስ ዋይ ኤስ የሆነ የፋይል ስም ካለበት፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

አሁን አብሪው። የዊንዶውስ ምልክት ብቅ ሲል ማብሪያውን ተጭነሽ ያዢና አጥፊው። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ስታደርጊው ራሱ የጥገና ገጽ ያወጣልሻል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሪስታርት። ዝርዝሩ ሲመጣ 4ን ተጫኚ፤ በሴፍ ሞድ፣ የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ ይነሳል። ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ከጠየቀሽ አትደንግጪ የኔ እናት፤ ዲስክሽን የሚቆልፈው ቢትሎከር ነው። በስልክሽ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትሽ ግቢና ፈልጊው።

ከገባሽ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቺ። ያስቸገረሽ ዋይፋዩ ይሁን ስክሪን ካርዱ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ድራይቨር የሚለውን ነክተሽ ሮል ባክ በይው። ቁልፉ ደብዝዞ ካልሠራ አንኢንስቶል አድርጊው።

ይቺን ቀላል ነገር ናቅ እንዳታደርጊያት። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የሚባል የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የላከው የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተር በዓለም ዙሪያ ሰማያዊ አድርጎ አስቀረ፤ በረራ ተሰረዘ፣ የሆስፒታል ሥራ ተስተጓጎለ። ለብዙዎቹ መፍትሔው በሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን ፋይል ማጥፋት ነበር። ፎርማት አላስፈለገም።

አዲሱን ድራይቨር ደግሞ ከላፕቶፑ ሠሪ ድረ ገጽ፣ በሞዴሉ ፈልገሽ አውርጂ፤ ኤችፒ ከሆነ ከኤችፒ፣ ዴል ከሆነ ከዴል። የዶርም ጓደኛሽ ፍላሽ ላይ ያለው ለሷ ላፕቶፕ የሚሆን እንጂ ላንቺ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?

ሴፍ ሞዱም እንቢ ካለ፣ ያኔ ጠጋኝ ጋ ሂጂ፤ ባዶ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ይዘሽ። «መጀመሪያ ፋይሌን አውጣልኝ» በይው። ጽሑፍሽን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተሽ በዓይንሽ ሳታዪ ግን ምንም እንዳታስነኪው።