ልጆችን የአባቶችን ሥራ ስለ ማሳየት

እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ኢያሱ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች ተነሥተው በጌልገላ እንዲቆሙ ያደረገው ስለ ድንጋዮቹ ብሎ አይደለም። በኋላ ዘመን የሚወለዱ ልጆች ድንጋዮቹን አይተው ምን እንደ ሆኑ አባቶቻቸውን ይጠይቁ ዘንድ፥ አባቶችም የሚመልሱት ቃል ይኖራቸው ዘንድ ነው (ኢያሱ ምዕራፍ 4)። እንግዲህ በመጽሐፍ ሥርዐት የታሪክ ትምህርት የሚጀመረው ከመምህሩ ንግግር ሳይሆን ከልጁ ጥያቄ ነው፤ ልጁም ይጠይቅ ዘንድ አስቀድሞ ማየት ይገባዋል።

በእንጭኒና በአካባቢዋ ያሉ መምህራንና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ልጆችን ታሪካዊ ቦታ ለማሳየት ባሰቡ ጊዜ ሐሳባቸው ወደ አክሱም ወይም ወደ ላሊበላ ይሄዳል፤ የመንገዱ ወጪ ከአቅም በላይ ስለሚሆን ግን ሐሳቡ ሐሳብ ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ማልዶ ሄዶ ማታ ለመመለስ በሚቻልበት ርቀት፥ ከሆለታ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ አዲስ ዓለም ጽዮን ማርያም አለች። ሩቁን ስንመኝ ቅርቡን እንዳንዘነጋ ስለዚህች ቦታ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በ55 ኪሎ ሜትር ገደማ ትገኛለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. አዲስ ዋና ከተማ ትሆናለች ብለው ቈረቈሯት። ምክንያቱም በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ዛፍ እየተቈረጠ ስላለቀ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ጠፍቶ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ እያደገ የከተማውን ችግር ስላቃለለው፥ በአዲስ አበባም ብዙ ቤት ተሠርቶ ስለ ነበረ፥ መናገሻው ከስፍራው ሳይነቃነቅ ቀረ። በኰረብታው ላይ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንጻ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ክብሯም በአክሱም ጽዮን አምሳል ተሰየመ። እስከ ዛሬ ኅዳር 21 ቀን በዓሏ በብዙ ሕዝብ ይከበራል።

ይህን ታሪክ ለእንጭኒ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። ከቤቱ ጓሮ ባሕር ዛፍ አለና። «ይህ በየቀኑ የምታየው ዛፍ የአንድን መንግሥት ዋና ከተማ ከመዛወር አስቀረ» ቢሉት፥ ዛፉን ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ ዓይን ያየዋል። ሰው ያቅዳል፥ እግዚአብሔር ግን ይፈጽማል፤ ለንጉሥ ማደሪያ የታሰበው ለንጉሠ ነገሥታት ማደሪያ ሆነ የሚለውንም ትምህርት ከዚህ ያገኛል።

በሌላው ዓለም ያሉ ሰዎች ያለፈውን ኑሮ ለልጆቻቸው ለማሳየት ብዙ ይደክማሉ። በስዊድን አገር አርቱር ሃዜሊየስ የተባለው ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ስካንሰን የተባለውን ስፍራ በስቶክሆልም ከተማ ከፈተ። ከየአውራጃው አሮጌ ቤቶችን እያስነቀለ አምጥቶ ተከለ፤ የጥንት ልብስ የለበሱ ሰዎችም የጥንቱን ሥራ እየሠሩ ለጎብኚ ያሳያሉ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን በዚያ የሚታየው ያለፈ ኑሮ ምሳሌ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ደወል የሚደውለው ዲያቆን የጥንት ዲያቆን መስሎ የሚታይ አይደለም፤ ራሱ ዲያቆን ነው። ቅዳሴውም ለጎብኚ ተብሎ አይቀደስም። ስለዚህ ልጆቻችንን የምንወስዳቸው ወደ ሞተ ነገር ሳይሆን ወደ ሕያው ነገር መሆኑን መገንዘብ ይገባናል።

ከዓመታት በፊት የሆነብንን ስሕተት እዚህ ላይ ብንናዘዝ ለሌላው ይጠቅም ይሆናል። ልጆችን ይዘን ወደ አንድ ደብር ሄደን ነበር። ሁሉን በአንድ ቀን እናሳይ ብለን ከሥዕል ወደ ሥዕል፥ ከዕቃ ቤት ወደ መቃብር ቤት እያጣደፍን አዞርናቸው። ለመመለስ ስንሰናዳ ብንቈጥራቸው አንድ ልጅ ጐደለ። ግማሽ ሰዓት ያህል በፍርሃት ስንፈልግ ቈየን። በመጨረሻም በቅጥሩ ጥግ፥ በአንዲት ጎጆ ደጃፍ፥ ከአብነት ተማሪዎች መካከል ተቀምጦ ዜማቸውን ሲሰማ አገኘነው። ልንቈጣው ተነሣን፤ እርሱ ግን አስቀድሞ «እነዚህ ልጆች እናቶቻቸው የት ናቸው? ማን ያበላቸዋል?» ብሎ ጠየቀን። በዚያ ቀን ከልጆቹ ሁሉ የሰማነው ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር። ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በሊቃውንት መካከል እየሰማና እየጠየቀ የተገኘበትን ታሪክ (ሉቃስ ምዕራፍ 2) ብዙ ጊዜ አስተምረነዋል፤ ትርጓሜው ግን ለእኛ ለራሳችን የገባን ያን ጊዜ ነው። ልጁን መቈጣጠር ያቃተን እኛ ነበርን፤ የጠፋው ልጅ ግን ከሁሉ ይልቅ ተምሮ ነበር።

ስለዚህ ይህን ጉዞ የሚያስቡ ወንድሞች የሚከተለውን ቢጠብቁ እንመክራለን።

በመጀመሪያ፥ ለደብሩ አስተዳዳሪ አስቀድሞ ማሳወቅ፥ የወላጆችንም ፈቃድ መቀበል ይገባል። ቀኑ የንግሥ በዓል ባይሆን ይሻላል፤ በዓሉን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይምጡበት። መንገዱ የሙገር ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱበት ስለ ሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዮቶር ሙሴን እንደ መከረው (ዘፀአት ምዕራፍ 18) ለየ10 ልጆች አንድ አለቃ ይመደብ፤ ሲወጡም ሲገቡም ይቈጠሩ።

ሁለተኛ፥ መክፈል ያልቻለ ልጅ አይቅር። ስንቁ በሶና ዳቦ ቢሆን፥ የጐደለውንም የመኪና ኪራይ ሰበካ ጉባኤው ቢሸፍን፥ ድኻው ልጅ በቤት ቀርቶ የጓደኞቹን ወሬ ከመስማት ይድናል።

ሦስተኛ፥ ልጆቹ በሚናገሩበት ቋንቋ ይነገራቸው። በእንጭኒ አብዛኛው ልጅ በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። በጰራቅሊጦስ ዕለት እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው እንደ ሰማ (ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2) መርሳት አይገባንም። ከልዩ ልዩ እምነት የመጡ ተማሪዎች ቢኖሩም የቦታውን ሥርዐት ያክብሩ እንጂ ማንም ሳይወድ እንዲሳለም ወይም እንዲጸልይ አይገደድ።

አራተኛ፥ እውነቱ ይነገር። በዚህ አገር የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የዓድዋን ድል አስቦ በኩራት የሚያነሣ ቤተሰብ አለ፤ የመሬቱን መወሰድና የአያቱን መገፋት አስቦ በኀዘን የሚያነሣም አለ። ልጁ ከቤቱ የሰማውን ይዞ ይመጣልና ቢጠይቅ ዝም አናሰኘው። መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ክብር ሲጽፍ የኦርዮንን ደም አልደበቀም። ከፊሉን ብቻ የነገርነው ልጅ የቀረውን ከሌላ በሰማ ጊዜ፥ ስለ ነገሥታቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ወንጌሉም የነገርነውን ይጠራጠራል።

በመጨረሻም፥ ጥቂት አሳይቶ ብዙ ጊዜ መስጠት ይበልጣል። አንድ ሰዓት በዛፍ ጥላ ሥር ቢቀመጡ፥ አንድ አረጋዊ ካህን ልጅ ሳሉ እንዴት እንደ ተማሩ ቢያጫውቷቸው፥ ከዚያም ልጆቹ ቢጠይቁ፥ ጉዞው ፍሬ አፈራ ማለት ነው። የአብነት ተማሪዎችን የሚያበላቸው ማን እንደ ሆነ ለጠየቀን ልጅ ያን ቀን በቂ መልስ አልሰጠነውም ነበር። በማግሥቱ ግን ጓደኞቹን አስተባብሮ ከየቤቱ ገብስ ሰበሰበ፤ እኛም ወሰድንለት። ድንጋዩን ያየ ልጅ ይጠይቃል፤ የጠየቀም ይሠራል።

ልጆቻችንን በሃይማኖትና በጥበብ እንድናሳድግ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን። አሜን።