በረጃጅም የአማርኛ ቃላት የቀለም አከፋፈልና የጥብቀት ሚና

በፖላንድኛ የቃል ጫና በአብዛኛው ከመጨረሻው ቀድሞ ባለው ቀለም ላይ ያርፋል። ስለዚህ «ናኡቺቼል» (መምህር) በሚለው ቃል «ቺ» ጎልቶ ይነገራል፤ ቃሉ በአንስታይ ቅጥያ ረዝሞ «ናኡቺቼልካ» (መምህርት) ሲሆን ግን ጫናው ወደ «ቼል» ይሸጋገራል። በአማርኛ ጫና የቃላትን ፍቺ አይለይም፤ ይህን ተግባር የሚፈጽመው ጥብቀት ነው። በመሆኑም የአማርኛን ረጅም ቃል በቀለም ለመክፈል የሚጠብቀውን ድምፅ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ፊደል ቀለምን በቀጥታ አያሳይም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሳድስ ሆሄ አንዳንዴ ከአናባቢ ጋር፣ አንዳንዴም ያለ አናባቢ መነበቡ ነው። «ትምህርት» አምስት ሆሄያት ቢኖሩትም ሁለት ቀለም ብቻ ነው፦ ትም-ህርት። ሁለተኛው ምክንያት ጥብቀት በጽሕፈት አለመመልከቱ ነው። «ገና» ሲላላ ገ-ና፣ የበዓሉ ስም ሲሆን ግን ገን-ና ተብሎ ይከፈላል። እንዲሁም «ይመታል» አድራጊን ሲያመለክት ይ-መ-ታል፣ ተደራጊን ሲያመለክት ይም-መት-ታል ይሆናል።

ቃሉ ሲረዝም ሁለቱ ችግሮች ይደራረባሉ። «አላስተዋወቋቸውም» አሥር ሆሄያትና ስምንት ቀለማት አሉት፦ አ-ላስ-ተ-ዋው-ወ-ቋች-ቸ-ውም። ጥብቀቱ ቢዘነጋም የቀለማቱ ቁጥር ስምንት ሆኖ ይቀራል፤ ነገር ግን «ዋው» እና «ቋች» ዝግ መሆናቸው ቀርቶ ክፍት ይሆናሉ። ስለዚህ ቀለም መቁጠር ብቻውን የአከፋፈሉን ትክክለኛነት አያረጋግጥም።

የውጭ ስሞችም በዚሁ ሥርዓት ይገዛሉ። በኪንያርዋንዳ ቀለማት ክፍት በመሆናቸው የሀገሪቱ ስም ኡ-ርዋ-ንዳ ተብሎ ይከፈላል። የቦሌው ሰፈር መጠሪያ የሆነው «ሩዋንዳ» ግን ሩ-ዋን-ዳ ነው፦ በቃሉ መነሻ የነበሩት ተከታታይ ተናባቢዎች በአናባቢ ተለይተዋል፤ «ን»ም የፊተኛው ቀለም መዝጊያ ሆኗል።

ከዚህ የሚመነጨው መደምደሚያ ተግባራዊ ነው። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ፣ መዝገበ ቃላትም ሆነ የሁለተኛ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ከሆሄያት ብቻ ተነሥቶ ትክክለኛ አከፋፈል ሊሰጥ አይችልም። በዩኒኮድ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ፊደል የማጥበቂያ ምልክት ተመድቧል። ምልክቱን በዕለታዊ ጽሕፈት ማዘውተር ግድ ባይሆንም፣ ለምርምር በሚዘጋጁ የቃላት ስብስቦች ውስጥ መጠቀም አሻሚነቱን ከምንጩ ያስወግዳል።