ቅጠሉ ለምልሞ ወለሉ ሲነድ፦ የሙቀት መጨመር፣ ሰደድ እሳትና የጣራ ገዳም ደን

አኅጽሮተ ጥናት

የምድር ሙቀት መጨመር ሰደድ እሳትን እያበረታው መሆኑን በርካታ ጥናቶች ያሳያሉ። የእሳቱ ክብደት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው በተቃጠለው መሬት ስፋት ነው። ይህ ጽሑፍ በደቡብ ጎንደር የሚገኘውን የጣራ ገዳም ደን ማሳያ በማድረግ፣ የስፋት ልኬት ብቻውን ለአነስተኛ የደጋ ደኖች በቂ እንዳልሆነ ያስረዳል። በእነዚህ ደኖች ዋናው ኪሳራ የሚደርሰው ከዛፎች ሥር በሚበቅሉት ችግኞች ላይ በመሆኑ፣ የሳተላይት መረጃን የሚያሟላ የደን ወለል ምዝገባ እንደሚያስፈልግ ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሰደድ እሳት፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ የገዳም ደን፣ የችግኝ ክምችት፣ ጣራ ገዳም

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ ሰደድ እሳት የሕዝብ መነጋገሪያ የሚሆነው ሰፊ ቦታ ሲያቃጥል ነው። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ደን በመጉዳቱ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከካናዳ የመጡ ባለሙያዎች በማጥፋቱ ሥራ ተሳትፈዋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተነሥቶ እስከ ሚያዝያ የዘለቀውን እሳት ለመቆጣጠርም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል።

ሁለቱም እሳቶች የተነሡት በበጋው ወራት፣ የክረምቱ ዝናብ ካበቃ ከወራት በኋላ ነው። ሁለቱም የተመዘገቡት ስፋታቸው ከሩቅ እንዲታዩ ስላደረጋቸው ነው። በአንጻሩ ጥቂት ሄክታር የሚያዳርስ እሳት በአንድ የገዳም ደን ጠርዝ ቢያልፍ ለአገር አቀፍ መዝገብ የሚበቃበት ዕድል ጠባብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ ሙቀት እየጨመረ በሚሄድበት ዘመን በአነስተኛ የደጋ ደን ላይ የሚደርሰው የእሳት ጉዳት በምን ሊለካ ይገባል?

2. ሙቀት እሳትን የሚያበረታበት መንገድ

ለሰደድ እሳት ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ እነርሱም ተቀጣጣይ ዕፅ፣ የዕፁ መድረቅና የእሳት መነሻ ናቸው። የሙቀት መጨመር በቀጥታ የሚነካው ሁለተኛውን ነው። የአየር ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር አየሩ ሊይዘው የሚችለው የውኃ እንፋሎት በ7 ከመቶ ገደማ ያድጋል። አየሩ ሊይዘው በሚችለውና በእርግጥ በያዘው እንፋሎት መካከል ያለው ልዩነት የእንፋሎት ግፊት ጉድለት ይባላል። ጉድለቱ በሰፋ መጠን አየሩ ከቅጠል፣ ከሣርና ከደረቅ ጭራሮ የሚስበው ውኃ ይበዛል።

በስሌት ለማሳየት፣ የአየሩ ሙቀት 26 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 30 ከመቶ የሆነበትን አንድ የበጋ ቀትር መውሰድ ይቻላል። በዚህ ሁኔታ ጉድለቱ 2.35 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ሳይለወጥ ሙቀቱ ወደ 28 ዲግሪ ቢያድግ ጉድለቱ 2.77 ኪሎፓስካል ይደርሳል። የ2 ዲግሪ ጭማሪ የአየሩን የማድረቅ ኃይል በ18 ከመቶ ያህል አሳደገው ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለማብራሪያ የተሰሉ ቢሆኑም የሂደቱን አቅጣጫ በግልጽ ያሳያሉ፤ አነስተኛ የሚመስል የሙቀት ለውጥ ዕፅን ለእሳት በማዘጋጀት ረገድ ከመጠኑ በላይ ውጤት አለው።

የዝናብ መጨመርም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ክረምቱ ሲበረታ ሣሩ ይረዝማል፤ ቀጥሎ የሚመጣው በጋ ከተለመደው ይልቅ ሞቃት ከሆነ ያ ሣር ደርቆ ተቀጣጣይ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ እጅግ ከባድ ሰደድ እሳቶች እስከ 2050 ድረስ በ30 ከመቶ ሊጨምሩ እንደሚችሉ ገምቷል።

ይሁንና በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቃጠለው መሬት ስፋት በአንጻሩ ቀንሷል። አንዴላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት፣ ከ1998 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ የሚቃጠለው መሬት በ24 ከመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ዋናው ምክንያት የሣር ምድሮች ወደ እርሻ መለወጣቸው ነው። ስለዚህ የስፋት ቁጥር ሲወርድ አደጋው ቀነሰ ብሎ መደምደም ስሕተት ላይ ይጥላል። ለእርሻ ቦታ የለቀቀው ሣር ባይቃጠልም፣ በእርሻ ተከቦ የቀረው ደን የሚደርስበት ጉዳት ሊጨምር ይችላል።

3. የጣራ ገዳም ደን አቀማመጥ

የጣራ ገዳም ደን የሚገኘው ከወረታ በስተሰሜን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ነው። ከጣና ሐይቅ ዳር የሚነሣው የፎገራ ሜዳ በሩዝ እርሻው ሲታወቅ፣ ደኑ ከሜዳው ከፍ ብሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ባለው ተዳፋት ላይ ይገኛል። የዕፀዋት ተመራማሪዎች ደረቅ አፍሮሞንታን ከሚሉት የደን ዓይነት የሚመደብ ሲሆን፣ ወይራ፣ ሰሳና ዝግጣ ከዕፀዋቱ መካከል ናቸው። በዙሪያው የነበረው ደን ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር ይህ ሊተርፍ የቻለው በገዳሙ ጥላ ሥር በመሆኑ ነው።

በአካባቢው የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በረዥሙ በጋ መብረቅ እምብዛም ስለማይኖር የእሳት መነሻ የሚሆነው በአመዛኙ የሰው ሥራ ነው፤ ለእርሻ ምንጣሮ የሚለኮስ፣ ከሰል ለማክሰል ወይም ማር ለመቁረጥ የሚነድድ እሳት በዚህ ይጠቀሳል። የመሬቱ ተዳፋትነት ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል። ሽቅብ የሚወጣ ነበልባል ከፊቱ ያለውን ዕፅ አስቀድሞ ስለሚያሞቀውና ስለሚያደርቀው ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በእሳት ጥናት በተለመደው ግምት መሠረት ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከታች ካለው ማሳ አምልጦ ወደ ደኑ የሚወጣ እሳት በሜዳ ላይ ካለው ይልቅ አጭር የመከላከያ ጊዜ ይሰጣል።

4. ከዛፉ ሥር የሚጠፋው

በደረቅ የደጋ ደኖች ላይ ደመል ተክታይን የመሰሉ ተመራማሪዎች ያካሄዷቸው ጥናቶች አንድ ጠቃሚ እውነታ አሳይተዋል። በእነዚህ ደኖች አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የአነስተኛ ዕፀዋት ነው። ብዙዎቹ የዛፍ ዝርያዎች በአፈር ውስጥ የሚቆይ የዘር ክምችት የላቸውም፤ የሚተማመኑት በጥላው ሥር ለዓመታት ቀስ እያሉ በሚያድጉ ችግኞች ላይ ነው። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅና ብርሃን ሲገባ ቦታውን የሚተኩት እነዚህ ችግኞች ናቸው።

ይህ ሁኔታ የእሳትን ጉዳት መመዘኛ ይለውጠዋል። በደን ወለል ላይ የሚሄድ ዝቅተኛ እሳት የረገፈውን ቅጠልና ሣሩን በልቶ፣ የትልልቆቹን ዛፎች ግንድ ጠቁሮ እንዲቀር ከማድረግ በቀር ቅርንጫፋቸውን ላይነካው ይችላል። ስስ ቅርፊት ያላቸው ችግኞች ግን በአብዛኛው ይሞታሉ። እንደ ወይራ ያሉት ከጉቶ ማቆጥቆጥ ቢችሉም፣ ለጋው ቁጥቋጦ በቂ ቁመት ሳያገኝ ዳግመኛ ከተቃጠለ ወይም በከብት ከተጋጠ ዕድገቱ ይገታል። በተከፈተው ቦታ ሣርና ክትክታ ይስፋፋሉ፤ በበጋ የሚደርቀው ሣር ደግሞ ለሚቀጥለው እሳት መንገድ ይከፍታል።

በመሆኑም ለእንዲህ ያለ ደን በአንድ እሳትና በሚቀጥለው መካከል ያለው የዓመታት ብዛት ከሄክታሩ ቁጥር የበለጠ ይናገራል። ሃምሳ ዓመት ሳይቃጠል የቆየና በየአምስት ዓመቱ ወለሉ የሚነድድ ደን ከሩቅ ሲታዩ ለጊዜው ተመሳሳይ ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው የዛሬዎቹ ዛፎች ሲያረጁ ነው፤ በዚያን ጊዜ በሁለተኛው ደን ውስጥ ተተኪ አይገኝም።

5. ሳተላይት የሚያየውና የማያየው

ለረጅም ዓመታት የተቃጠለ መሬት መረጃ ያቀረበው የሞዲስ መሣሪያ የሚጠቀምበት ፒክስል ወደ 500 ሜትር የሚጠጋ ጎን አለው፤ ይህም ከ20 ሄክታር በላይ መሆኑ ነው። 875 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የጣራ ገዳም ደን በዚህ ልኬት በጥቂት ደርዘን ፒክስሎች ብቻ ይወከላል። አምስት ሄክታር የሚያቃጥል እሳት በእንዲህ ያለ መረጃ ውስጥ በቀላሉ ይሰወራል።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚገኘው የሴንቲኔል 2 ምስል እስከ 10ና 20 ሜትር ድረስ ስለሚያጠራ የተሻለ ነው። ከእሳቱ በፊትና በኋላ የተነሡ ምስሎችን የኢንፍራሬድ ብርሃን ነጸብራቅ በማነጻጸር የጉዳቱን ደረጃ መገመት ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህም ዘዴ በዋናነት የሚያነበው ከላይ የሚታየውን የቅጠል ሽፋን ነው። ሽፋኑ አረንጓዴ እንደሆነ ከቀረ ከሥሩ የሞቱት ችግኞች አይታዩም። ክፍተቱ የምስል ጥራትን በማሳደግ ብቻ የሚሞላ አይደለም፤ መረጃው ከደኑ ወለል መሰብሰብ አለበት።

6. ለደን አያያዝ ያለው ትርጉም

እሳትን ሙሉ በሙሉ መከልከል ሁልጊዜ ጠቃሚ ላይሆን እንደሚችል ከባሌ የተገኘ ጥናት ያስተምራል። ዮሐንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በባሌ ተራሮች የአስታ ቁጥቋጦ አርብቶ አደሮች በልምድ የሚያካሂዱት ማቃጠል የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ቁጥቋጦዎች ተሰባጥረው እንዲገኙ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ገና ያልደረሰው ቁጥቋጦ በቀላሉ ስለማይቀጣጠል ለትልቅ እሳት እንቅፋት ይሆናል። አስታ ግን ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ አቆጥቁጦ የሚያገግም ተክል ነው። የጣራ ገዳም ደን ዛፎች አብዛኞቹ በችግኝ የሚተኩ በመሆናቸው የባሌው ልምድ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ከባሌ የሚወሰደው ትምህርት ቁጥጥሩ የአካባቢውን ሰው ዕውቀት መነሻ ማድረግ እንዳለበት ነው።

በዚህ መሠረት ሦስት ተግባራት ይጠቁማሉ። አንደኛ፣ የእሳቱን ቀን፣ የተነሣበትን ቦታና ምክንያት፣ የደረሰበትንም ወሰን የሚይዝ ቀላል መዝገብ ከገዳሙ አባቶችና ከቀበሌው ጋር በመተባበር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከደኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ በሚዘልቁ ቋሚ የናሙና ቦታዎች ላይ ችግኞችን በዝርያና በቁመት በየጊዜው መቁጠር ይገባል፤ የግንድ ጥቁረትም ሳተላይት ያላየውን የወለል እሳት ሊጠቁም ይችላል። ሦስተኛ፣ ከበጋው አጋማሽ አስቀድሞ በደኑ ታችኛው ጠርዝ ያለውን ደረቅ ሣር አጭዶ ለከብት መኖ ማዋል የእሳቱን መተላለፊያ ያጠባል፤ ለገበሬውም ጥቅም ይሰጣል።

7. ማጠቃለያ

ሙቀት በጨመረ መጠን የበጋው የማድረቅ ኃይል ይበረታል፤ ከዚህ ቀደም በእርጥበት ምክንያት በጠርዝ ይቆም የነበረ እሳት ወደ ደኑ ውስጥ የሚገባበት ቀን ይበዛል። በሰፊው የሚነድድ እሳት ዓለም አቀፍ ርዳታን ይጠራል። በወለል የሚያልፈው ግን ምልክቱ በቅጠል ሽፋን ስለሚሰወር የሚታወቀው በቦታው ባሉ ሰዎች ብቻ ነው። ለጣራ ገዳምና ለመሰሎቹ ደኖች የእሳት ክብደት መመዘኛ ሊሆን የሚገባው ከእሳቱ በኋላ በሕይወት የተረፈው የችግኝ ብዛትና እስከሚቀጥለው እሳት ያለው የጊዜ ርዝመት ነው። ሁለቱንም ለመለካት የሚያስፈልገው መሣሪያ የመለኪያ ገመድ፣ ደብተርና በየዓመቱ ወደ ቦታው የሚመለስ ሰው ነው።