በጉባኤ ፊት ስለ መናገር ፍርሃት

በተማሪዎች ጉባኤ ላይ ሊቀ መንበሩ «አስተያየት ያለው?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር እነዚያው አራት አምስት ሰዎች እጃቸውን ያነሣሉ፤ የቀረነው ዝም እንላለን። ማታ በየመኝታ ክፍላችን ስንከራከር የሰማን ሰው ግን ከመድረኩ ከተነገረው የተሻለ ሐሳብ ያገኝ ነበር። ምን ይሆናል፥ ድምፅ የተሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው!

ዝም የምንለው ዕውቀት ስላነሰን አይደለም፤ ፈርተን ነው። ልብ ይደልቃል፥ ምራቅ ይደርቃል፥ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ይኸውም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ወደ ደም ስለሚለቁ ነው፤ በጨለማ ጅብ ቢገጥመንም የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ፍርሃቱን ፈጽሞ ለማጥፋት መድከም ከንቱ ነው።

ይበልጥ የሚጎዳን «መፍራቴን ሁሉም አየብኝ» የሚለው ሁለተኛው ፍርሃት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት፥ ተናጋሪዎች ጭንቀታቸው ለአድማጭ ከሚታየው አብልጦ የሚታይ ይመስላቸው እንደ ነበር ገልጸዋል። ይህ አስቀድሞ የተነገራቸው ተማሪዎችም ካልተነገራቸው የተሻለ ንግግር አደረጉ። መድኃኒቱ ይህን ማወቅ ብቻ ነበር።

በአገራችንም የጥንቱ ተሟጋች፥ በበላ ልበልሃ ሥርዓት ዳኛ ፊት ሲቆም በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም ነበር። አስቀድሞ የሚያውቀውን መግቢያ በግጥም ያወርዳል። ይህ የአንደበት ጌጥ ብቻ አይመስለንም፤ አፉ የለመደውን ሲል እስትንፋሱ ይረጋለታል፥ ድምፁም ይቃናለታል።

እኛም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃላችን ብንይዝ ይበቃል። ሁሉን መሸምደድ ግን አደገኛ ነው፤ አንዲት ቃል ከጠፋች የቀረው ተከትሏት ይሄዳልና። ለቀረው ዋና ዋናውን ነጥብ በቁራጭ ወረቀት መጻፍ ይሻላል። ልምምዱም ቆሞ፥ ድምፅን አውጥቶ፥ ቢቻል በአንድ ጓደኛ ፊት ይሁን። አልጋ ላይ ተጋድሞ በልብ ማንበብ ልምምድ አይባልም፤ ጉባኤው ፊት የሚንተባተበው አፍ እንጂ ልብ አይደለም።

ከመነሣት በፊት አየሩን ቀስ አድርጎ ማስወጣት ይረዳል። ተራ መጠበቅ ግን ልብን ያባብሳል፤ ስለዚህ ጉባኤው እንደ ተከፈተ አንድ አጭር ጥያቄ መጠየቅ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ለዚያ ግጥምም ወረቀትም አያስፈልግም።